የኮሌስትሮል ኪኒን «ወረደልኝ» ተብሎ አይቆምም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ደም ቅባት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ቅቤና ጮማ ላይ ያልቃል። ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት መስኮት የሚሰማው ግን ሌላ ነው፦ «ውጤቴ ጥሩ ሆኗል፣ ኪኒኑን ትቸዋለሁ።» ውጤቱ ጥሩ የሆነው እኮ ኪኒኑ ስለሠራ ነው። ስታቲን የሚባሉት ኪኒኖች፣ አቶርቫስታቲንም ሆነ ሲምቫስታቲን፣ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳያመርት ይገታሉ። ሲቆሙ ጉበቱ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮልም እንደነበረው ይሆናል። እንደ ወባ መድኃኒት ተውጦ የሚጨረስ አይደለም። ምርመራው ሕክምናው በተጀመረ ወይም መጠኑ በተቀየረ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይደገማል።

ብዙው ስህተት የሚመጣው መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ነው። አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ያጣ ሰው ሲምቫስታቲን 20 ይዞ ይሄዳል፤ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ እኩል ይመስለዋል። አቶርቫስታቲን 20 የሚቀራረበው ከሲምቫስታቲን 40 ጋር ነው። ባለ 10 አቶርቫስታቲን ከተገኘ ግን ሁለት ፍሬውን አንድ ላይ መውሰድ ያው 20 ነው። የካርቶኑ ስም ሲለወጥ ደግሞ የድሮውንም አዲሱንም አብረው የሚውጡ አሉ፤ በትልቁ ከተጻፈው የፋብሪካ ስም ሥር ያለውን የመድኃኒቱን ስም ማንበብ ያስፈልጋል። ሲምቫስታቲን ማታ ነው የሚወሰደው፤ ጉበት ኮሌስትሮል በብዛት የሚሠራው ሌሊት ነው፣ መድኃኒቱም ከደም ቶሎ ይወጣል። አቶርቫስታቲን ሰዓት አይመርጥም። ስለዚህ ረመዳን ገባ ብሎ ማቋረጥ ምክንያት የለውም፤ የታዘዘው የትኛውም ቢሆን ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል።

ክላሪትሮማይሲን ወይም ኢሪትሮማይሲን ሲታዘዝ ስታቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ። እነዚህ አንቲባዮቲኮች ስታቲኑን በደም ውስጥ ያከማቹና ጡንቻን ሊጎዱ ይችላሉ። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ያዳክመዋል። ጡንቻ ያለምክንያት ክፉኛ ካመመና ሽንት ከጠቆረ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ለማርገዝ ያሰበች ሴትም አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

ዘይት ላይ እናተኩር። ጀሪካኑ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ይላል። ውሸት አይደለም፤ የዕፅዋት ዘይት ሁሉ እንዲያ ነው። ነገር ግን ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ «ሳቹሬትድ» የሚባለው የሚረጋ ቅባት ነው፤ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። በደሴ ብርድ ጠዋት ላይ ነጭ ሆኖ ረግቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ወርዶ ሙቀቱ ቢያቀልጠውም ዘይቱ ያው ነው። በሱፍ ዘይት ውስጥ ይህ ቅባት ከመቶ 11 ያህል ብቻ ነው። ሁዳዴን ከቅቤ ርቆ ወጡን በፓልም ዘይት የሚያጥለቀልቅ ሰው ውጤቱ ባይወርድለት አይደነቅ። በባዶ ሆድ የሚጠጣው ሙቅ ውሃ በሎሚም ቅባት አያቀልጥም፤ የሚጠቀመው ሎሚ ነጋዴው ነው።

ወሎ ገብስ አያጣም። በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር በቀን 3 ግራም ከተገኘ ኤልዲኤልን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ለዚህም ከ70 እስከ 80 ግራም ያልተፈተገ ገብስ ይበቃል። በሶውን በውሃ በጥብጦ መጠጣት ይሻላል፤ ጭብጦው በቅቤ ከታሸ ግን ትርፉ ይጠፋል። የደሴን ዳገት ከባጃጅ ወርዶ በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ መራመድም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ከኤልዲኤል ይልቅ በይበልጥ የሚያወርደው ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ሌላውን የደም ቅባት ነው።

አንዱ ላቦራቶሪ ውጤቱን በሚሊግራም፣ ሌላው በሚሊሞል ይጽፋል። 130 የነበረው ኤልዲኤል 3.4 ሆኖ ሲመጣ ተአምር የተፈጠረ የሚመስለው ሰው አለ። የሚሊሞሉን ቁጥር በ39 ቢያባዛው ያው 130 ገደማ ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የደረሰበት ሰው ኤልዲኤሉ ደግሞ በሚሊግራም ከ70 በታች፣ በሚሊሞል ከ1.8 በታች ሊሆንለት ይገባል።

በደሴ የምንሠራ ፋርማሲስቶች