ከፍሪረን ጋር የተጓዝንበት ዓመት፦ የአኒሜ ክበብ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን በሙሉ በአንድ ሥራ ላይ እንዲቆይ የወሰኑት ተማሪዎቹ ናቸው። በየሳምንቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ከመዝለል አንዱን ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ አሉ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ «ፍሪረን» አሸነፈ። በካኔሂቶ ያማዳ ደራሲነትና በጹካሳ አቤ ሠዓሊነት የሚዘጋጀው ይህ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ በ2021 የማንጋ ታይሾ ሽልማትን አግኝቷል። እኛ ያየነው ማድሃውስ የተባለው ስቱዲዮ ያዘጋጀውንና ከመስከረም 2023 እስከ መጋቢት 2024 የተላለፈውን ባለ 28 ክፍል አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ነው። ምርጫው ሲታወቅ ከልቤ ደስ አለኝ። አስማትና አጋንንት ከሞሉባቸው አኒሜዎች ሁሉ ስለ ሥራና ስለ ሥራ ባልደረባ አጥብቆ የሚናገር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ታሪኩ ሌሎች ታሪኮች ከሚያበቁበት ይጀምራል። የአጋንንት ንጉሥ ተሸንፏል፤ ጀግናው ሂመል፣ ቄሱ ሃይተር፣ ተዋጊው አይዘንና ኤልፍ (ረጅም ዕድሜ የሚኖር የተረት ፍጡር) የሆነችው አስማተኛ ፍሪረን ከ10 ዓመት ጉዞ በኋላ ወደ ከተማ ተመልሰዋል። ከ1000 ዓመት በላይ ለኖረችው ፍሪረን ግን 10 ዓመት ምንም አይደለም። በየ50 ዓመቱ የሚታየውን የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ በሚቀጥለው ጊዜ ከተሻለ ቦታ ላሳያችሁ ትላቸውና እንደ ዋዛ ተሰናብታ ትሄዳለች። ስትመለስ ሂመል ሽማግሌ ሆኗል። ኮከቦቹን አብረው ያያሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ፍሪረን በቀብሩ ላይ መጀመሪያ እንባ የላትም፤ ሰዎቹም ያጉረመርማሉ። በኋላ ነው ድንገት የምታለቅሰው። የሰው ዕድሜ አጭር መሆኑን እያወቀች፣ 10 ዓመት ሙሉ ከጎኗ የነበረውን ሰው ለማወቅ አልሞከረችም።

ከዚህ ክፍል በኋላ በነበረን ውይይት አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከጎኑ ከሚቀመጠው ልጅ ጋር ሁለት ዓመት አብሮ ሲማር ስንት ወንድምና እህት እንዳለው ጠይቆት እንደማያውቅ ተናገረ። ልጁም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ይህ ነገር በተማሪ ብቻ አይወሰንም። ሰዎች በአንድ ቢሮ ብዙ ዓመት አብረው ይሠሩና የባልደረባቸውን ታሪክ የሚሰሙት በሽኝቱ ቀን ከሚነበበው ጽሑፍ ይሆናል። ስለዚህ ለአባላቱ አንድ ሥራ ሰጠሁ፤ በግቢያችን በየቀኑ የምታዩትን፣ ነገር ግን የማታውቁትን አንድ ሠራተኛ ስለ ሥራው ጠይቃችሁ ጻፉ አልኳቸው። ከመጡት ጽሑፎች ሁሉ ልቤን የነካው ስለ ቤተ ሙከራ ሠራተኛችን የተጻፈው ነው። ተማሪዎች የሚሠሩትን እያንዳንዱን ሙከራ እሳቸው ከዋዜማው ብቻቸውን ሠርተው ያዩታል፤ የማይሠራ ኬሚካል ካገኙ ያስወግዱና ጠርሙሱን አጥበው፣ በሌላ ሞልተው፣ ስሙንና ቀኑን በእጃቸው ጽፈው ይለጥፉበታል። ጠዋት ላይ ሙከራው በአንድ ጊዜ ሲሳካ ክፍሉ የሚያጨበጭበው ለመምህሩ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀችው ልጅ አሁን ቤተ ሙከራ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የጠርሙሶቹን ጽሕፈት ነው።

ወደ ፈርን ልምጣ። ፈርን በጦርነት ወላጆቿን ያጣች፣ ሃይተር ያሳደጋት ልጅ ናት። ፍሪረን አስማት ስታስተምራት የሰጠቻት ልምምድ ከገደል ወዲህ ማዶ ቆማ በወዲያኛው በኩል ያለውን ቋጥኝ መብሳት ነው። ልጅቷ በፀሐይም በዝናብም እዚያው ቦታ ቆማ ያንኑ አንድ ነገር ትደጋግማለች። የመጨረሻውን ስኬት ያፋጠነው ሃይተር እያረጀ መሄዱ ነው፤ ሳይሞት ራሷን ችላ ልታሳየው ፈልጋለች። ኋላ ከታላላቅ አስማተኞች ጋር ስትፋለም እንኳ ዋና መሣሪያዋ ማንም የሚያውቀው ተራ የማጥቂያ አስማት ነው፤ ግን እንደ እሷ ፈጥኖና ኢላማውን ሳይስት የሚጠቀምበት የለም። መሠረታዊ ልምምድ ይሰለቸናል የሚሉ ልጆች ይህን ካዩ በኋላ ክርክራቸው ለዘብ ብሏል።

ያ ተራ አስማት የራሱ ታሪክ አለው፤ እኔ እንደ ሒሳብ መምህር ከሁሉ አብልጬ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ክቫል የተባለው ጋኔን የፈጠረው ሰው ገዳይ አስማት በዘመኑ መከላከያ ስላልነበረው ብዙ ጀግና ጨርሷል። እነ ሂመል ሊያሸንፉት ስላልቻሉ ባለበት አሰሩት። ከ80 ዓመት በኋላ ማሰሪያው ሲላላና ክቫል ሲነቃ ያንኑ አስማቱን ይወረውራል፤ ፈርን በመከላከያ ትመልሰዋለች። በእነዚያ 80 ዓመታት ሰዎች አስማቱን ሲያጠኑት፣ ሲፈቱት፣ መከላከያ ሲሠሩለት ኖረው ዛሬ ለጀማሪ የሚሰጥ ትምህርት አድርገውታል። ካልኩለስም እንዲሁ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኒውተንና ላይብኒትዝ የደረሱበትን ነገር ዛሬ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በክፍል ሥራ ደብተሩ ይሠራዋል። ለተማሪዎቼ አጥብቄ የነገርኳቸውም ይህንን ነው፤ በአንድ ሙያ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ዕድሜ የለውም፤ ሥራውን የሚያሳድገው ብዙዎች ተቀባብለው የሚያጠኑት ዕውቀት ነው። የሚያውቀውን ከባልደረባው የሚደብቅ ሰው ራሱም እንደ ክቫል ታስሮ ይቀራል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የአንደኛ ደረጃ አስማተኞችን ፈተና የያዙትን ክፍሎች አየን፤ የክበቡ ክፍል የሞላው ያኔ ነው። በመጀመሪያው ፈተና ተፈታኞች በሦስት በሦስት ተቧድነው አንዲት ፈጣን ወፍ መያዝ አለባቸው። ከፍሪረን ጋር የተመደቡት ላቪነና ካነ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጨቃጨቁ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ካነ የውኃ አስማተኛ ናት፤ ችሎታ አላት፣ በራሷ መተማመን ግን የላትም። ቦታው ዝናብ በማያስገባ የአስማት መከለያ ተሸፍኗል። ፍሪረን ሁሉንም ራሷ ልትጨርሰው ትችል ነበር። እሷ ግን መከለያውን አጥንታ ሰበረችው፤ ዝናቡ ወረደ፤ ካነም በዙሪያዋ ባገኘችው ውኃ ከእሷ በብዙ የሚበልጠውን፣ ሪሽተር የተባለውን ተፈታኝ አሸነፈች። የሥራ መሪ ማለት ለእኔ ይህ ነው። የበታቹን ሥራ ነጥቆ የሚሠራ ወይም ከላይ ሆኖ የሚጮህ አለቃ ብዙ ነው፤ የባልደረባውን ችሎታ አውቆ ችሎታው የሚሠራበትን ሁኔታ የሚያመቻች ግን ጥቂት ነው። የክበቡ ሊቀ መንበር ይህን ካየች በኋላ በወሩ ስብሰባ ላይ የሥራ ድልድሉን ቀየረችው። በሰው ፊት መናገር የሚፈራውን ልጅ ከአስተዋዋቂነት አንሥታ ፖስተር እንዲሠራ አደረገችው፤ ለዓመቱ ማጠቃለያ ዐውደ ርእይ የተሰቀሉት ሥዕሎች አብዛኞቹ የእሱ ናቸው።

ታናናሾቹ አባላት ዴንከንን ወደዱት። ሽማግሌው የቤተ መንግሥት አስማተኛ ኃይሉ ሲያልቅበት እጅጌውን ሰብስቦ በቡጢ ለመፋለም የተነሣበትን ቦታ ደግመን እንድናሳያቸው ለመኑ፤ አሳየናቸው።

ሦስተኛው ፈተና ቃለ መጠይቅ ነው፤ ጠያቂዋም የአስማተኞች ሁሉ ታላቅ የሆነችው ሰሪ ናት። ፍሪረንን የምትወደው አስማት ምን እንደሆነ ትጠይቃታለች። ፍሪረን ሜዳን በአበባ የሚሞላ አስማት ነው ብላ መለሰች፤ ወደቀች። መልሱ ሰሪን እንደማያስደስታት ታውቅ ነበር። ተከትላ የገባችው ፈርን ግን ማንም ያላስተዋለውን፣ የሰሪን የኃይል መዋዠቅ አየች፤ አለፈች። ሰሪ ደቀ መዝሙሬ ሁኚ ስትላት ደግሞ እምቢ አለች። ይህን ከዘንድሮ ተመራቂዎች ጋር በሰፊው ተወያየንበት፤ በቅርቡ በሥራ ቀጣሪ ፊት መቀመጣቸው አይቀርም። ልምምድም አደረግን፤ አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው ተጠያቂ እየሆነ። አንዲት ተማሪ «ማለፍ ስለምፈልግ ጠያቂው የሚወደውን እመልሳለሁ» አለች። ሌላዋ «ከዚያ ዕድሜሽን ሙሉ ያንን ሰው መስለሽ ልትሠሪ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ ከሁለተኛዋ ጋር ነኝ። ለፍሪረን ያ አስማት የመምህሯ የፍላመ ትዝታ ነው፤ ለፈተና ብላ ብትክደው የምታጣው ከማዕረጉ ይበልጣል።

ከፍሪረንና ከፈርን ጋር ስለሚጓዘው ወጣት ተዋጊ፣ ስለ ሽታርክ ፍርሃት ብዙ ማለት ይቻላል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ዘንዶ የገጠመ ልጅ ነውና። መምህሩ አይዘንም ሲፋለም እንደሚፈራ መስማታቸው ለአንዳንድ ተማሪዎች እፎይታ እንደሰጣቸው ብቻ ልጥቀስ።

የሂመል ሰይፍ ግን መታለፍ የለበትም። በአፈ ታሪኩ መሠረት እውነተኛው ጀግና ብቻ ከድንጋይ ይነቅለዋል የተባለ ሰይፍ አለ፤ ሂመል ነቅሎ የአጋንንትን ንጉሥ ገደለ ተብሎ ይወራል። ፍሪረን ቦታው ድረስ ስትሄድ ሰይፉ ዛሬም ተተክሎ ቆሟል። ሂመል ሞክሮ አልቻለም ነበር፤ በሐሰተኛው ሰይፉ ሄዶ ዓለምን አዳነ። ዲግሪው፣ ወንበሩ፣ ማዕረጉ እስኪመጣ ሥራውን የማይጀምሩ ሰዎች በየሥራ ቦታው አሉ። ያ ሰይፍ ለእነሱ ትልቅ መልስ አለው።

በዚህ አኒሜ የማልስማማበት ነገርም አለ። አጋንንቱ የሰውን ቋንቋ የሚናገሩት ለማታለል ብቻ ነው፤ «እናቴ» የሚለውን ቃል እንኳ ይጠቀሙበታል እንጂ አይሰማቸውም። በታሪኩ ውስጥ ይህ ያስኬዳል። የዓመቱ ትኩስ ክርክር የተነሣው አንድ አባል በሥራ ቦታም እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ ባለ ጊዜ ነው። አጥብቄ ተቃወምኩት። የሚያስቸግር ባልደረባ ይኖራል፣ የሚዋሽም ይኖራል፤ ቃሉ ከቶ አይሰማም ብለን የምንዘጋበት ሰው ግን የለም። ክርክሩ አልተቋጨም፤ ልጁም በአቋሙ እንደጸና ነው፤ በቃላት ጠብ ሳይሆን በማስረጃ ስለተከራከረ አከብረዋለሁ።

የተመራቂ አባሎቻችንን ቦታ የሚሞሉ አዳዲስ አባላት እንፈልጋለን። የሠራተኞቹ ቃለ መጠይቅ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል፤ ማንም ተውሶ ማንበብ ይችላል። የቃለ መጠይቅ ልምምዱ በሚቀጥለው ዓመት ከመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ይጀምራል፤ የክበቡ አባል ያልሆኑ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም መሳተፍ ይችላሉ። የሚቀጥለውን ሥራ የሚመርጡት እንደ ዘንድሮው አባላቱ ናቸው። ምዝገባው ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት በክበቡ ጸሐፊ በኩል ይካሄዳል።