ቅዳሜ ሌሊት፣ ቻናል 20

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣኝ ዋሽንግተን በገባን ዓመት ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥኑ ቻናል 20 እናየው የነበረውን የአስፈሪ ፊልሞች አቅራቢ፣ ካውንት ጎር ደ ቮልን፣ በኢንተርኔት አገኘሁት። ጥቁር ካባ ደርቦና ፊቱን እንደ ሬሳ አንጥቶ፣ ፊልሙ ለማስታወቂያ በተቋረጠ ቁጥር እየመጣ በፊልሙ የሚያላግጠው ሰውዬ ትዝ ይልዎታል? ስሙ በደራሲው በጎር ቪዳል ላይ የተሠራ ቀልድ መሆኑን ያስረዱኝ እርስዎ ነበሩ፤ መምህርነትዎ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ሲቀበሉ እየዋሉም አልለቀቅዎትም ነበር።

እኔ ከፍራሼ ሥር ጅብ የተኛ ይመስል ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስንቀጠቀጥ፣ እርስዎ ድምፁን ብቻ ሰምተው፣ «ይህ እኮ ከሰዓት በኋላ ለልጆች ካፕቴን 20 እየሆነ የሚቀርበው ሰው ነው» አሉኝ። አላመንኩዎትም ነበር። አሁን ሳነብ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት፦ ዲክ ዳይዝል የተባለው ይህ ሰው የጣቢያው አስተዋዋቂ ሲሆን፣ ካፕቴን 20ም፣ ቦዞ የተባለው ቀልደኛም፣ ካውንት ጎርም እርሱ ነበር። ቀን መኪና ማቆሚያ፣ ማታ ደግሞ ጥበቃ ይሠሩ ለነበሩትና ቅዳሜ ብቻ ቤትዎ ለሚያድሩት ለእርስዎ ነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ «ምስኪን፣ እሱም ሦስት ሥራ ይዟል» ብለው ሲስቁ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

እንዲህ ያሉ አቅራቢዎች በየከተማው የበዙት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ከፊልም ኩባንያው ከዩኒቨርሳል የቆዩ አስፈሪ ፊልሞች 52ቱ በአንድ ጥቅል ለየአካባቢው ጣቢያዎች ከተሸጡ በኋላ ነው፤ ፊልሙ ርካሽና ያረጀ ስለነበረ፣ ተመልካቹን እስከ እኩለ ሌሊት የሚያስቀምጠው ከሠራተኞቹ መካከል ካባ የሚደርብ አንድ ተጫዋች ሰው ነበር። የእኛው በ1973 ጀምሮ፣ በመካከል ተቋርጦ በ1984 ተመለሰና በ1987 ቆመ። በዚያው በ1984 መንግሥት በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የነበረውን የሰዓት ገደብ ስላነሣ፣ ጣቢያዎች የሌሊቱን ሰዓት ለዕቃ ሻጮች ማከራየት ይቀላቸው ጀመር፤ ቢላዋና የሆድ ማጥበቂያ የሚሸጡት ሰዎች የመጡት ያኔ ነው (እርስዎም አንዱን ቢላዋ ገዝተው ሽንኩርት እንኳ አልቆርጥ ብሎን ነበር)።

ሰውዬው ግን ካባውን አልሰቀለም፤ በ1998 በኢንተርኔት ሳምንታዊ ዝግጅት ጀመረ። እርሱን እያዩ ያደጉት ልጆችም ያልተቀዳውን ዝግጅት ጭምር በቃላቸው እያስታወሱ ያወሩለታል። እኔ ከማስታውሰው ግን ፊልሞቹ ጠፍተውብኛል፤ የቀረው የእርስዎ ሳቅና የእርሱ ድምፅ ነው።

ከቅጂዎቹ አንዱን ለእህቴ ልኬላታለሁ። እዚህ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ እሑድ ማለዳ ነውና፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ትክፈትልዎ፤ እኔም ሳልተኛ ስልክ ይዤ እጠብቅዎታለሁ።

ልጅዎ