በሩ ሳይከፈት ዘመሩ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሰሞኑን ብዙዎቻችን ከብዶናል። አንዳንዱ በሕመም፣ አንዳንዱ በሥራ ማጣት። እኔም በቀደም ለሊት ለጸሎት ተንበርክኬ ከ«ጌታ ሆይ» ሌላ ቃል ጠፋኝ። ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ዝም ብዬ ቆየሁ።

ያኔ ወኅኒ ቤት ታስረው የነበሩት ሐዋርያው ጳውሎስና ባልደረባው ሲላስ ትዝ አሉኝ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን እስቲ እንደገና አንብቡት። ጀርባቸው በበትር ቆስሏል። እግራቸው በግንድ ተጣብቋል። እኩለ ሌሊት ነው። የዘመሩት ግን የወኅኒው በር ከመከፈቱ በፊት ነው! እኔን የነካኝ ይሄ ነው። እንደሚፈቱ የነገራቸው የለም፤ ማንን እንዳመኑ ግን ያውቃሉ።

ከመካከላችን መዘመር ያቃተው ካለ አይጨነቅ፤ እኛ እንዘምርለታለን። ብቻ ማንም ለብቻው አይቸገር። ደውሉልኝ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን።