ለዕቁባችን አባላት፦ ከደሴ ልሄድ ነው

እንደምን ሰነበታችሁ?

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኑሯችን መርሳ ይሆናል። በወልዲያው መንገድ፣ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ፣ 90 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የባለቤቴ አባት መሬት እዚያ አለ፤ የማንጎና የብርቱካን ችግኝ ልናፈላ ነው። እዚህ የቤት ኪራዩ አላፈናፍን ብሎናል።

ደሴን ግን እወዳታለሁ። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን፣ ባጃጆቹ መብራት አብርተው ሲያዘግሙ፣ ባለሱቁ ጋቢውን እንደተከናነበ «አማን አደራችሁ?» ሲል። መርሳ ሞቃት ነው፤ የኔም ጋቢ ሳጥን ሊገባ ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ከናንተ መለየት ነው። ስወልድ ገንፎውን ያገነፋችሁልኝ፣ እናቴ ስታርፍ ሙስሊም ክርስቲያን ሳትሉ ድንኳኑን የሞላችሁት እናንተ ናችሁ። እንዲህ ያለ ጎረቤት የትም ሄጄ በገንዘብ አልገዛውም።

ዕጣዬ ወጥቶልኛል። ቀሪውን መዋጮ በየሳምንቱ በቴሌብር ለዳኛችን እልካለሁ፤ ዋሶቼ በኔ ምክንያት አይጠየቁም።

የፊታችን እሁድ ቡናው እኔ ቤት ነው። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑልኝ። መምጣት የማትችሉ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ደውሉልኝ፤ እኔው ቤታችሁ መጥቼ እሰናበታችኋለሁ።