ሁለት ወረቀት፣ አንድ እጅ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

አራት ኪሎ አካባቢ ኬሚስትሪ የማስተምር መምህርት ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ መገጣጠሚያ አልትራሳውንድ ውጤት አጻጻፍ ነው። ሃያ ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አይታጠፉም። ቁልፍ መቆለፍ፣ ጀበና ማንሳት፣ ሁሉም መከራ ሆነብኝ። ለቀቅ የሚያደርገኝ ረፋድ ላይ ነው።

እንደ ወጉ መጀመሪያ የመረመረኝ ጎረቤት ነው። አንዷ «ብርድ ነው» አለችኝ። ሌላዋ «ሪህ ነው፣ ከቁርጥ ራቂ» አለችኝ። በመምህር ደመወዝ ቁርጥ ከየት እንደማመጣ እሷው ታውቃለች። ወጌሻ ጋ ልውሰድሽ ያለችም ነበረች። መጨረሻ ላይ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ፤ ደም ሰጠሁ፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ ተባለ። የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል።

ሐኪሙ እጄን አልትራሳውንድ እንድነሳ ላከኝ። የመጣው ወረቀት «በሁለተኛና ሦስተኛ ጣት መገጣጠሚያ ላይ መጠነኛ እብጠት» ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ታዘዘልኝ። የመጀመሪያው ቦታ ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር፣ በእግር አሥር ደቂቃ የማያስኬድ ሌላ ቦታ ገባሁ። ያኛው ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የታየ ችግር የለም»።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሐኪሙ ግን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም አለ። «መድኃኒቱ ሠርቶ ነው ወይስ አነሳሱ ተለይቶ ነው? ከዚህ ላይ ማወቅ አልችልም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳጠያይቅና ሳነብ ከረምኩ። በበሽታው የተቆጣ መገጣጠሚያ ውስጥ ትንንሽ የደም ሥሮች ይበዛሉ። ፓወር ዶፕለር የሚባለው የማሽኑ ክፍል እነዚህን በቀለም ያሳያል። ታዲያ ባለሙያው ፕሮቡን፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያስኬደውን የማሽኑን መሣሪያ፣ ጫን ካደረገው ደም ሥሮቹ ይታፈናሉ፣ ቀለሙም ይጠፋል። ለዚህ ነው ቆዳ ላይ የሚቀባው ጄል ወፈር፣ የባለሙያው እጅ ደግሞ ቀለል ማለት ያለበት። ለሆድ የተሠራው ፕሮብ ለጣት አይሆንም፤ ለጣት የሚያስፈልገው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ቀጥ ያለው ነው። የእጅ አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በመሃሉ ፕሬድኒሶሎን ጀምሬ ነበር፤ ይህ መድኃኒት እብጠቱን ያበርደዋል። ሁለተኛው ቦታ «ምን እየወሰድሽ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዶፕለሩ ይከፈት አይከፈት ወረቀቱ አይናገርም። ስንት ጣት እንደታየ እንኳ አይናገርም።

ባለሙያዎቹን ልከስ አይደለም። ሁለቱም ያዩትን ጽፈው ሊሆን ይችላል። እኔም ፈተና አርማለሁ። የመልስ ቁልፍ ከሌለ ሁለት መምህራን ለአንድ ወረቀት የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ፤ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም።

የእርግዝና አልትራሳውንድን ተመልከቱ። የትም ብትነሱ የእርግዝናው ሳምንት፣ የፅንሱ ልብ ምት፣ የእንግዴ ልጁ ቦታ ይጻፋል። ወረቀቱን ሌላ ሆስፒታል ብትወስዱት ይነበባል። የመገጣጠሚያው ግን እንደ ጸሐፊው ነው።

የመልስ ቁልፉን ከዜሮ እንድትፈጥሩ አይደለም የምለምነው። ኦሜራክት የሚባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስብስብ በአልትራሳውንድ የሚታየው ችግር ምን ምን እንደሆነ ትርጉሙን በ2005 እንደ ፈረንጆቹ አውጥቷል። በ2017 ደግሞ ከአውሮፓው የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች ሕክምና) ማኅበር ከዩላር ጋር ሆኖ ለብግነቱ፣ ማለትም ለመገጣጠሚያው መቆጣት፣ ከ0 እስከ 3 የሚሄድ ነጥብ አወጣ። 0 ማለት ምንም የለም፣ 3 ማለት ከባድ ነው። ለቀለሙም መስፈርት አለው፦ 1 ጥቂት ነጠብጣብ፣ 2 ከዚያ በልጦ እስከ ተቆጣው ስፍራ ግማሽ፣ 3 ከግማሽ በላይ። ተማሪዎቼ እንኳ ይገባቸዋል።

ጉዳዩ የወረቀት ክርክር እንዳይመስላችሁ። ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የዚህን በሽታ መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን እውጣለሁ፤ ጉበቴን እንዳይጎዳው በየጊዜው ደም እሰጣለሁ። ይጨመር ወይስ ይቀነስ የሚለው ውሳኔ በከፊል በዚያ አንድ መስመር ላይ ቆሟል። በሽታው ሳይያዝ ከቆየ አጥንት ይበላል፤ የተበላ አጥንት ደግሞ አይመለስም። መድኃኒቱ ያለምክንያት ከተጨመረም ጉዳቱ የኔው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ገጽ ፎርም ነው። በመንግሥትም በግልም ተቋም አንድ ዓይነት ይሁን። የትኞቹ መገጣጠሚያዎች እንደታዩ፣ እጅ እንዴት እንደተቀመጠ፣ በየትኛው ፕሮብ እንደታየ፣ ዶፕለሩ መከፈቱ፣ ነጥቡ ከ0 እስከ 3፣ ታካሚው የሚወስደው መድኃኒት ይጻፍበት። ምስሉም አብሮ ይሰጠን። የራዲዮሎጂና የሩማቶሎጂ ሐኪሞቻችንን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብታስቀምጧቸው ረቂቁ ብዙ ጊዜ የሚወስድባቸው አይመስለኝም። የሚከብደው ሥልጠናው ነው፤ ፎርም ብቻውን እጅን ቀላል አያደርግም። ማሽን ግዙልን እያልኩ ግን አይደለም። ባሉት ማሽኖች የሚጀመር ነው።

ሁለቱ ወረቀቶች ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። አሳዪን ካላችሁኝ ይዤ እመጣለሁ። ቀጠሮው ግን ከሰዓት በኋላ ይሁንልኝ፤ ጠዋት የቦርሳዬን ዚፕ ራሴ መክፈት አልችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት፣ አራት ኪሎ