«ተቀጥቷል» ያላችሁት ፖሊስ የት ነው የተቀጣው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በእስራኤል ፖሊስና በእኛ በቤተ እስራኤላውያን መካከል መተማመን እየተመለሰ ነው በማለት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብሁት ዓይኔ አታሎኝ እንደሆነ ለማጣራት ነበር፤ አላታለለኝም። በሆሎን ጎዳና ላይ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ስለተደበደበው ወታደራችን ስትጽፉ «ጉዳዩ ተጣርቶ ጥፋተኛው ፖሊስ ተቀጥቷል» ብላችሁ በአንድ መስመር አልፋችሁታል።

የሆነው ይህ ነው። ድብደባው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2015 ተፈጸመ፤ በአካባቢው የነበረ ካሜራ ቀረጸው፤ አገር ሁሉ አየው፤ እኛም በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ ወጣን። የወቅቱ የፖሊስ ዋና ኮሚሽነር ፖሊሱ ከሥራ እንዲሰናበት ወሰኑ። በዚያው ዓመት በጁን ወር ግን የመንግሥት የሕግ አማካሪ የነበሩት ይሁዳ ዋይንሽታይን የወንጀል ክስ እንዳይመሠረት ወሰኑ፤ መዝገቡም ተዘጋ። እንግዲህ ሰውየው ከሥራው ተሰናበተ እንጂ በዚህ ጉዳይ ተከሳሽ ሆኖ ዳኛ ፊት አልቆመም።

ይህን ቃል መሰንጠቅ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሠራተኛን የሚያሰናብት አሠሪ ሲሆን ወንጀለኛን የሚቀጣው ፍርድ ቤት ነው፤ አሠሪው በሩን ዘግቶ ይወስናል፤ በፍርድ ቤት ግን ምስክር ይጠራል፣ ማስረጃ በአደባባይ ይመዘናል፣ ተበዳዩም ተከሳሹም ቃላቸውን ያሰማሉ። የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይም ሒሳብ ከጎደለባት ትሰናበታለች። ዘጋቢያችሁ የጎደለ ሒሳብንና የተደበደበ ወታደርን በአንድ ሚዛን ማስቀመጡን ምነው ለአንባቢው በግልጽ ቢነግረው!

የምፈልገው ፍርድ ስላልተሰጠ የማኮርፍ እንዳይመስላችሁ ሌላውንም ልጨምር። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2019 በቂርያት ሐይም የእኛን ወገን ወጣቱን ሰለሞን ተካን ተኩሶ የገደለው ፖሊስ በቸልተኝነት ሞት በማድረስ ተከሶ ቀርቧል፤ በ2023 ፍርድ ቤቱ በነፃ አሰናብቶታል። ፍርዱ አንጀቴን አቃጥሎታል፤ ዛሬም ያቃጥለኛል። ሆኖም ቢያንስ ክርክሩ ተሰምቷል፤ የዳኛውን ምክንያት እያነሣሁ መሞገት እችላለሁ። የሆሎኑ ወታደር ግን ይህንን እንኳ አላገኘም።

የዘገባችሁን ርእስ ካነሣን ዘንድ ስለ መተማመኑም ልናገር። ለመተማመኑ ማስረጃ ያደረጋችሁት በፖሊስ ላይ የሚቀርበው ቅሬታ ቀነሰ የሚለውን የቃል አቀባዩን ንግግር ነው። ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ወታደርነቱን ጨርሶ የተመለሰው ልጄ ከሥራ ሲገባ በገዛ ሕንፃችን በር ላይ ሁለት ፖሊሶች አስቁመው ተኡዳት ዘሁት፣ ማለትም መታወቂያ፣ ጠየቁት። «ለምን?» አለ። ለዚህች አንዲት ቃል እኅቱ መታወቂያውን ይዛለት እስክትወርድ ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ፤ ጎረቤትም በመስኮት አየው። ይቅርታ ያለው የለም። በነጋታው የሰንበት ሸሚዜን ለብሼ ልከስ ስነሣ ልጄ እጄን ይዞ «አባዬ፣ የሆሎኑ ካሜራ ነበረው፤ እኔ ምን አለኝ? ዞሮ በእኔ ላይ ፖሊስ አጥቅቷል የሚል ፋይል ቢከፈትብኝስ?» አለኝ። ቅሬታው ቀረ። በዘገባችሁ ስሌት እንግዲህ ልጄ በፖሊስ ከሚተማመኑት አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል፤ እንኳን ደስ አለህ ብየዋለሁ።

ያለ በቂ ጥርጣሬ መታወቂያ መጠየቅ ሕጋዊ አለመሆኑን «ጠበቃ» የተባለው የእኛው ማኅበር ባለበት አቤቱታ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2021 ወስኗል። ይህንንም ዘገባችሁ አላነሣውም። በ2016 የፓልሞር ኮሚቴ ዘረኝነትን ለማስወገድ 53 ምክረ ሐሳቦችን ባቀረበበት በዚያው በጋ፣ የፖሊስ ዋና ኮሚሽነር የነበሩት ሮኒ አልሼይክ ፖሊስ ኢትዮጵያዊን ከሌላው አብልጦ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው ማለታቸውንም እንዲሁ። ማሐሽ፣ ማለትም ፖሊሶችን የሚመረምረው ክፍል፣ ከ1992 ጀምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለ ሆኖ ሳለ ዘጋቢያችሁ «ፖሊስ ባደረገው ማጣራት» እያለ መጻፉን ግን በቸኮለ እጅ ላይ አሳብቤ አልፈዋለሁ።

የፖሊስ ቃል አቀባይ ተናግሯል፤ አንድ የክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) አባልም ተናግረዋል፤ በአማርኛ የሚጽፍ ድረ ገጽ ግን አማርኛ የሚናገር አንድ እናት ወይም አንድ ወጣት አላገኘም። በፎቶግራፉ ላይ ግን አለን፤ ጀርባችንን ሰጥተን፣ መፈክር ይዘን።

እርማት እጠይቃለሁ፤ ከገጹ ግርጌ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ። ቦታ እንዳይጠብባችሁ ቃላቱን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ስድስት ናቸው፦ «ከሥራ ተሰናብቷል፤ የወንጀል ክስ ግን አልተመሠረተበትም»።

ከአክብሮት ጋር፣
በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የገባ የሦስት ልጆች አባት