«ኦ» ነጥብ አይከተላትም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኦሱሊቫን የሚለው የአየርላንድ ስም በጋዜጦቻችን ላይ በሦስት መልክ ይወጣል፦ «ኦ. ሱሊቫን»፣ «ኦ'ሱሊቫን»፣ «ሱሊቫን»። የመጀመሪያው ፈጽሞ ስህተት ነው። «ኦ» በአይሪሽ ቋንቋ የልጅ ልጅ፣ ዘር ማለት ስለሆነች ያጠረ ስም አይደለችም፤ ነጥብ አይገባትም። (በዚያው ቋንቋ ሴት ልጅ ስትሆን ቦታዋን «ኒ» ይይዛል፤ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ግን ለሁሉም «ኦ» ነው።)

«ሱሊቫን» ብቻ ሲባል ደግሞ ሰው ይጠፋል። ጌጤ ዋሚ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ በ5,000 ሜትር ነሐስ ስትወስድ፣ ከፊቷ ገብታ ብሩን የወሰደችው የአየርላንዷ የኮቭ ከተማ ልጅ ሶንያ ኦሱሊቫን ናት፤ ሶንያ 14፡41.02፣ ጌጤ 14፡42.23። አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብ ሰው «ሱሊቫን» የሚለውን አይቶ የ19ኛው ክፍለ ዘመኑን አሜሪካዊ ቦክሰኛ ጆን ሱሊቫንን ቢያስብ አይፈረድበትም። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙ ቤተሰብ «ኦ»ን ጥሏል፤ ስለዚህ በቦክሰኛውም ሆነ በቺካጎው አርክቴክት በሉዊስ ሱሊቫን ስም ላይ «ኦ» መጨመር ያው ጥፋት ነው። ባለቤቱ እንደጻፈው ይጻፍ።

መጠሪያውን ትቶ «ኦሱሊቫን» ማለትም አያዋጣም። ሮኒ እንግሊዛዊ ነው፣ ስኑከር በሚባለው የፑል ዓይነት ጨዋታ 7 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን። ሞሪን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የታርዛን ፊልሞች ጄንን ሆና የተጫወተችው ናት። ዘፋኙ ጊልበርት የአየርላንዷ የዋተርፎርድ ከተማ ተወላጅ ሲሆን፣ ሲወለድ የወጣለት ስም ሬይመንድ ነበር። ስሙ ኮርክና ኬሪ በሚባሉት የአየርላንድ አውራጃዎች እንደ አሸዋ ነው፤ የተጋራው ሁሉ ዘመድ አይደለም።

ማውጫ ለሚሠራ ሰው ጣጣው ይብሳል። «ሱ» ከ«ሰ» ቤት፣ «ኦ» ከ«አ» ቤት ስለሚገባ የአንዲት ሯጭ ዜና ሁለት ቦታ ይበተናል። በ«ኦ'ሱሊቫን» ውስጥ ከ«ኦ» ቀጥላ ያለችው ጭረትም ታስቸግራለች፤ ቀጥ ያለችውና የተጠማዘዘችው ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ፣ በአንዷ የተጻፈ በሌላዋ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ያለ ጭረት፣ ያለ ክፍተት «ኦሱሊቫን» ብሎ መጻፍ ይገላግላል። ኦኒልና ኦብራይንም እንዲሁ።

በዜናው መጀመሪያ «ሶንያ ኦሱሊቫን»፣ ከዚያ በኋላ «ሶንያ» ይበቃል፤ ጌጤን «ጌጤ» እንደምንለው። የውጭ ጋዜጦች «ዋሚ» እያሉ ሲጽፉ የሚጠሩት አባቷን ነው።

የጋዜጣ ማውጫ አዘጋጆች፣ ከአራት ኪሎ